ወንዙ ሲቀንስ ፒያሳ ነበርን

ከጉዞዬ ስመለስ ሁላችሁም «አዲስ አበባ እንዴት ነበር?» አላችሁኝ። እኔ ግን አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝና ሳልነግራችሁ ቀረሁ። አሁን ትንሽ ረጋ ብያለሁ። ከመንደራችን ከሾላ ሜዳ ወጥታችሁ ከተማውን ላላያችሁት፣ እኔና ጋሽ ይማም በዚያ አምስት ቀን ምን እንደገጠመን ከመጀመሪያው ልጻፍላችሁ።

እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ልጆቻችሁን ፊደል የማስቆጥር መምህርት ነኝ። በግቢዬ ያለችውን የዝናብ መለኪያ በየማለዳው እያየሁ በደብተር ስጽፍ አሥራ አንድ ክረምት ሆኖኛል። ጋሽ ይማም ደግሞ ወንዙን ከአባታቸው የተማሩ ሰው ናቸው። ከብት መቼ እንደሚሻገር፣ ከዳር ያለ ማሳ መቼ እንደሚለቀቅ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የተጠራነው ፒያሳ ለሚደረግ ስብሰባ ነበር። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች፣ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሥልጣናትና እንደኛ ያሉ የገጠር ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ ተባለ።

እኛ የሄድነው ለአንድ ጉዳይ ነው። በአምናው ጎርፍ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶላቸዋል። ጋሽ ይማም ገና ምስማሩ ሲመታ ጀምሮ «ይህ የወንዙ የድሮ ቤት ነው፤ ተከራይ ገባ ብሎ አይተወውም» ሲሉ ነበር። የሰማቸው የለም። እህቴ አለም ከሚጠባ ልጇ ጋር እዚያ ትኖራለች። ከክረምቱ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ረድፍ ሊሠራ ነው። ያን ለማስቀረት ነው የሄድነው።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ጋሽ ይማም ቀድመውኛል። ጫማቸው እርጥብ ነው፤ ወንዙ ጋ ወርደው ነበር ማለት ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ጠየቅኳቸው።

«ወንዙ ምን መሰለዎት?»

«ዝም ብሏል» አሉ። «በነሐሴ ዝም የሚል ወንዝ አልወድም።»

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ክንዴን ያዙኝ። ከጨለማው ስንወጣ ጉምና ዝናብ ጠበቀን። በጋቢያቸው ጫፍ መስኮቱን ወለወሉና ተራራውን አሳዩኝ። ገደሉ በየቦታው ተሰንጥቆ ቀይ አፈሩ ገጥጧል። «እዚህ የሚዘንበው እኛ ጋ የሚወርደው ነው። ተራራው ተቀዷል፣ አየሽ?» አሉ። አየሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ልቤ አላረፈም።

ደብረ ብርሃን ለምሳ ወረድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የእኛ ቆላ የዚያን ዕለት ገነት ሆኖ ታየኝ። እኔ ፍልሰታን እጾማለሁ፤ ጋሽ ይማም እንደ ሃይማኖታቸው መብላት ይችሉ ነበር፤ ግን «አንቺ ብቻሽን ሽሮ አትበዪም» ብለው ከእኔው ሰሐን ቆረሱ።

አዲስ አበባ ላምበረት ወርደን ታክሲ ያዝን። ጋሽ ይማም ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ሊገቡ ሲታገሉ ረዳቱ «ፋዘር፣ ይዝጉት! እዚህ ውስጥ የሚዘንበው ሰው ብቻ ነው» አላቸው፤ ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ከጉልበቴ ላይ ያለውን የደብተር ቦርሳ ጨምድጄ ይዤ ነበር።

ፒያሳ ስንደርስ ምልክት ብለው የጻፉልን ወርቅ ቤት የለም፤ ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አዳዲስ መብራት ተተክሏል፤ ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ ግን ግማሽ ግድግዳ ቆሟል፣ ግማሹ ላይ የሰው ቤት ሰማያዊ ቀለም ይታያል። እኛ ጋ ይህን የሚያደርገው ጎርፍ ብቻ ነው። ወዲያና ወዲህ ስንል አንድ ጫማ ሻጭ ሱቁን ቆልፎ በዝናብ እየመራ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ያለ ትንሽ ፔንሲዮን አደረሰን። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተመለሰ።

ባለቤቷ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ እዚያው ሰፈር ተወልደው ያረጁ ናቸው። ጋሽ ይማምን አዩና ምንም ሳይጠይቁ ከቁም ሳጥን አዲስ ምንጣፍ አውጥተው «አንድ ደንበኛዬ ወደዚያ ዞሮ ነበር የሚሰግደው» ብለው በመስኮቱ በኩል አመለከቷቸው። ለእኔ የሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝ። ጎረቤቶቻቸው ተነስተው ወደ ከተማው ዳር እንደሄዱም አጫወቱን። «ማታ ማታ በር የሚያንኳኳ ሰው ናፈቀኝ፣ የኔ እናት» አሉኝ።

ሰኞ

ዝናቡን በእኔ ፋንታ የምትለካው አለም ናት። በማለዳ ደወለች። የነገረችኝ ቁጥር ካለፈው ቀን እጥፍ ነው። «በትክክል ነው ያነበብሽው?» ስላት «መሥመሩን በጣቴ ይዤ ነው ያየሁት፤ ደግሞ እየዘነበ ነው» አለች። ከኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል።

ይህን ልነግራቸው ብሄድ ጋሽ ይማም ክፍላቸው ውስጥ የሉም። ለንጋት ስግደት ወጥተው አልተመለሱም። ስልክ የላቸውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከተማውን የማያውቁ ሰው! እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አገልድመው ተከተሉኝ። መስጊዱ ጋ ሄድን፤ ወጥተዋል አሉን። እስከ ሲኒማ ቤቱ፣ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ወጣን። ቦርሳውን ክፍሉ ውስጥ ትቼው መውጣት ስላስፈራኝ በትከሻዬ ነበር፤ ዝናቡ እላዬ ላይ ወረደ። በሰው መሐል እየተጋፋሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለልጆቻቸው ምን ብዬ ልናገር?

በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ «ጋቢ የለበሱ፣ በሁሉ ነገር የሚቆሙ? ወደ አፍንጮ በር ወርደዋል» አለን። ቁልቁል ሮጥን። ድልድዩ ላይ ናቸው፤ የድንጋዩን መደገፊያ ይዘው ወደ ታች ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ።

«ጋሽ ይማም! ልቤን አቆሙት እኮ!»

«ነይ ስሚ» አሉኝ፣ እንዳልጠፉ ሁሉ። «ይህ ወንዝ ይናገራል። ድንጋይ እያንከባለለ ነው።»

ከአጠገባቸው ከወንዙ ዳር የምትኖር ልብስ አጣቢ ቆማለች። «እኔም እሱን ነው የማዳምጠው» አለች። «ድንጋዩ ሲንጓጓ ልጆቼን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። ከሬዲዮው በፊት እሰማዋለሁ።» ጋሽ ይማም እንደ አገራቸው ሰው አዩዋት። ለካ ይህን የሚያውቅ ሰው አስፋልቱ መሐልም አለ፤ ግን ለስብሰባው የጠራት የለም።

ፔንሲዮኑ ስንመለስ ቦርሳውን ከፈትኩት። ደብተሮቹ በስብሰዋል፤ ገጾቹ ተጣብቀዋል። አሥራ አንድ ክረምት! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ አስካለ ካውያቸውን ሰኩ፣ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አነጠፉ፣ ገጽ በገጽ እየገለጡ በስስ ጨርቅ ሸፍነው ይተኩሱ ጀመር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ተኮሱ። የቢኩ ጽሕፈት ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። «ዝናብን በዝናብ ልታጠፊው ነበር» ብለው ሳቁብኝ። እግራቸው አብጦ ነበር፤ የዚያን ጊዜ አላየሁም፤ በማግስቱ ሲያነክሱ ነው ያየሁት።

ማክሰኞ

ስብሰባው የተደረገው ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ጋሽ ይማም አሳንሰሩን እምቢ ብለው በደረጃ ወጣን። እያንዳንዱ ሰው ፊት ውሃ በፕላስቲክ፣ ማስታወሻ፣ እስክሪብቶ። እኛ ከኋላ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የተናገረችው ባለፈው ጸደይ መንደራችን መጥታ የነበረችው ተመራማሪ፣ ዶክተር ሕሊና ናት። የወንዛችንን ካርታ ግድግዳው ላይ አሳየች። ከሰማይ የተነሳ ነው። ከዚያ ዕቅዱን የያዙት አቶ ግርማ ተነሱ፤ ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ናቸው። የሁለተኛው ረድፍ ቤቶች ሥራ ከክረምት በኋላ እንደሚጀመር አነበቡ። ቦታው ለመንገድ ይቀርባል፣ ሜዳ ነው፣ ወጪው ይቀንሳል አሉ።

እጄን ላወጣ ፈለግኩ፤ አልታዘዝ አለኝ። ሃምሳ ተማሪ ፊት በየቀኑ የምቆም ሰው አቀረቀርኩ። ጋሽ ይማም ግን ሳይፈቀድላቸው ተነሱ።

«ሜዳ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋል?» አሉ። «የደለደለው ወንዙ ነው። አያቴ ልጅ ሳሉ ወንዙ በዚያ ነበር የሚሄደው። ከብት ያጠጡበት ነበር። ውሃ መንገዱን አይረሳም።»

አቶ ግርማ በአክብሮት ሰሙና «አባታችን፣ እናመሰግናለን፤ ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤው ይያዛል» አሉ። ወደሚቀጥለው ርዕስ ታለፈ። በቃ። ያን ያህል መንገድ የመጣንበት ነገር በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ለሻይ ስንወጣ ዶክተር ሕሊና ፈልጋን መጣች። «ጋሽ ይማም፣ የትኛው ጋ ነው የድሮው ወንዝ?» ብላ ኮምፒውተሯን ዘረጋች። እሳቸው ካርታ አያነቡም፤ እኔ «ይህ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ይህ ሾላው» እያልኩ አሳየኋቸው። ከዚያ በጣታቸው ከላይ ጀምረው ጠመዝማዛ መሥመር ሳቡ። ዶክተር ሕሊና ሥዕሉን አጎላችው። በጣታቸው ሥር፣ በሣሩ መሐል፣ ጠቆር ያለ ጥምዝ መሥመር አለ። ልክ እሳቸው የሳቡት ነው። የእህቴ ቤት መሐሉ ላይ ነው።

«አይቼው ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የድሮ ቦይ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬም ነበር። ግን በስንት ዝናብ ውሃ እንደሚመለስበት ለማወቅ የአካባቢው የዝናብ መዝገብ ያስፈልገኛል፤ ያለን መለኪያ ወረዳው ከተማ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

ደብተሮቼን አወጣሁ። በካውያ የጠነከሩት ገጾች ይንሿሿሉ። እስኪመሽ ድረስ አብረን ቁጥር ስናስገባ ዋልን፤ ሻይዋ በረደ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሄደ። የአምናው ጎርፍ ከመድረሱ በፊት የነበረው ዝናብ ከዘንድሮው ጋር ሲተያይ የዘንድሮው በልጧል።

ረቡዕ

አለም የደወለችው ከወትሮው ዘግይታ ነው።

«መለኪያዋ ሞልታ ፈስሳለች፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀለል አለ። «ግን አትፍሪ። ወንዙ ቀንሷል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። ትናንት እስከ ሾላው የደረሰው ዛሬ በጉልበት ይሻገሩታል።»

እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ለጋሽ ይማም በደስታ ነገርኳቸው። ኩባያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ፍርሃት ከዚያ በፊት በሽማግሌ ፊት አይቼ አላውቅም።

«ዝናቡ አልቆመም?»

«አልቆመም።»

«እየዘነበ ወንዝ ከቀነሰ፣ ከላይ ተይዟል ማለት ነው። ተራራው ተደርምሶ ዘግቶታል። ከኋላው እየተጠራቀመ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ አይቷል።» ተነሱ፤ ጫማቸውን አጠለቁ። «ሲፈታ የሚሮጥ ሰው አያመልጠውም።»

ወደ ስብሰባው ሮጥን። ዳገቱን ስንወጣ ጋሽ ይማም ትንፋሽ አጥሯቸው ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ «ሂጂ፣ ቀድመሽ ሂጂ» ይሉኛል። ዶክተር ሕሊናና አቶ ግርማ በር ላይ ነበሩ። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አቶ ግርማ ወደ ዶክተር ሕሊና ዞሩ። «ከላይ ማየት ይቻላል?»

«አይቻልም። ሁለት ቀን ሙሉ ደመና ነው፤ ሳተላይቱ አያይም።» ከዚያ «ግን መዝገቡን ትናንት አይቻለሁ። ይህን ያህል ዘንቦ ወንዝ በራሱ ሊቀንስ አይችልም። እሳቸው የሚሉት ካልሆነ ሌላ ምክንያት አላገኝለትም» አለች።

«ሰው አስነስተን ምንም ባይመጣስ? ነገ የሚያምነን አለ? በትእዛዙ የሚጠየቀው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ግርማ።

ጋሽ ይማም ግድግዳ ተደግፈው ደረሱ። «ልጄ» አሏቸው፣ አንቱታውን ትተው እንደ አባት። «በከንቱ ከተነሱ እኔን ይስደቡኝ። ካልተነሱ ግን የሚሰድብህም አይተርፍ።»

አቶ ግርማ ስልካቸውን አወጡ። ወረዳ ደወሉ። «ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ሰው በሙሉ፣ አሁን፣ ወደ ጉብታው። አዎ፣ በእኔ ስም ነው ያዘዝኩት» ሲሉ ሰማሁ። ስልኩን ሲዘጉ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ በዚያ ብርድ።

ለአለም ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበልም።» ደግሜ፣ ደግሜ። ወረዳም መስመሩ ተቋረጠ። ትእዛዙ መንደር ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ጠበቅን። አቶ ግርማ ስብሰባውን ትተው መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኔ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ጋሽ ይማምን ይዤ ወጣሁ። አንድ ኬክ ቤት ገባንና አስተናጋጁ «የጾም ማኪያቶ?» ሲለኝ መልስ መስጠት አቃተኝ። ዙሪያችን ሰው ይስቃል፤ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። የእህቴ ልጅ በዚያ ሰዓት በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ሰው ኬክ ሲበላ አያለሁ።

ጊዮርጊስ ቅዳሴ እየተቀደሰ ነበር። እኔ ገብቼ ቆምኩ፤ ጋሽ ይማም ከአጥሩ ውጭ ጋቢያቸውን አንጥፈው ሰገዱ። ምን እንደጸለይኩ አላስታውስም። «ሕፃኑን» ብቻ ነው ያልኩት መሰለኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። አቶ ግርማ ናቸው።

«መጥቷል» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የቆርቆሮ ቤቶቹ የሉም፤ አንድም አልቀረም። ሰዎቹ ጉብታው ላይ ናቸው። እህትሽና ልጇ አሉ፤ ስማቸውን አስጠርቻለሁ።» ከዚያ ቀጠሉ። «አንድ ሰው አጥተናል። በሬዎቹን ሊፈታ ተመልሶ ነበር።»

የአለም ጎረቤት አያሌው ነው። እናንተ ቀብራችሁታል፤ እኔ አልደረስኩም። ለጋሽ ይማም ስነግራቸው በቁማቸው አጥሩን ተደገፉ። «አንድ ቀን ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን» አሉ። «እዚያው ብቀመጥ ኖሮ።»

ሐሙስና ከዚያ በኋላ

እትዬ አስካለ በማለዳ ቆሎና የጾም ዳቦ ቋጥረው፣ የራሳቸውን ብርድ ልብስ «ለሕፃኑ» ብለው ጨምረው እያነከሱ እስከ ታክሲው ሸኙን። የመኝታ ሒሳብ ሲነሳ በቁጣ አዩኝ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ተገልጦ ነበር፤ ጋሽ ይማም ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያየሁትን እናንተም አይታችኋል፤ አልደግመውም። ክፍሌ ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ስድስት ቤተሰብ ተኝቷል። አለም ስታየኝ ልጁን እጄ ላይ አስቀመጠችና ተንበርክካ አለቀሰች።

በሳምንቱ አቶ ግርማና ዶክተር ሕሊና መጡ። አቶ ግርማ የድሮውን ዕቅድ ሰው ሁሉ ፊት መሰረዛቸውን ተናገሩ፤ ለአያሌው ሚስትም እጅ ነስተው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ አራታችን ወደ ታች ወረድን፤ አለም ልጇን አዝላ ተከተለችን። ወንዙ አሁን በድሮው ቤቱ የለም። በአዲሱም የለም። ሁለቱንም ትቶ በሦስተኛ በኩል፣ ማንም ባላየው በኩል፣ ማሳውን ቀዶ ሄዷል።

«ጋሽ ይማም» አለች ዶክተር ሕሊና። «ቀጥሎ ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ጎንበስ ብለው አዳመጡት። ቀና ሲሉ ያረጁ መሰሉኝ።

«አላውቅም» አሉ። «አባቴም ይህን አላየም። አንቺስ?»

እሷም ኮምፒውተሯን ሳትከፍት «እኔም አላውቅም» አለች። አቶ ግርማ ወረቀታቸውን አጥፈው ያዙ። ሦስቱም ወንዙን እያዩ ቆሙ። ፈራሁ፤ ስልኩን ከጠበቅኩበት ቀን ይልቅ ፈራሁ።

አለም ናት መጀመሪያ የተናገረችው። «እሺ፣ ሁላችሁም አታውቁም» አለች፣ ልጇን እያስተካከለች። «እንግዲያው እስክታውቁ ድረስ ጉብታው ላይ ነኝ። ከዚያ የሚያወርደኝ የለም።»